የእናቷ ድምፅ የጠፋ ዕለት

የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ስትገባ ሳያት የማሽኑን ክዳን ጣቴ ላይ ከደንኩት።

«እኔን!» አለች ሳቋን አፍና። «ኮምፒውተር ትጠግናለህ?»

«እኔ? አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲበላሽ የሚደወለው ለማን ሆነና!»

ሰፈሩ ቱልቱላ የሚለኝ ወዶ አይደለም።

ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትኖረው ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባቷ ጋር ነው። የአባቷ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ዘፈን ሁለት ሁለት ጊዜ ይደረድራል። ከዘፈኖቹ መሀል ደግሞ ሟች እናቷ ስፌት እየሰፋች ስታንጎራጉር የተቀዳው አለ። አባትየው ከሥራ ሲገባ እሱን ሳይሰማ ጫማውን እንኳ አያወልቅም።

ቤታቸው ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድርብ የሆኑትን እንዴት እንደምታጠፋ እያሳየኋት፣ አዞ በጆሮው ጎትቼ ከወንዝ ያወጣሁበትን ቀን ሳወራላት፣ «አዞ ጆሮ አለው እንዴ?» እያለች ስትስቅ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ጠየቃት። ሳታነብ «አዎ» የሚለውን ነካች።

ሁሉም ጠፋ። ለካ ሁለት ጊዜ የተደረደረው ስም የአንድ ዘፈን ኖሯል፤ ድርቡ ሲጠፋ ዘፈኑም አብሮ ጠፋ!

«እማዬን... እማዬን አጠፋኋት!»

በሩ ተከፈተ። አባቷ!

«ምን ሆናችኋል?»

አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የባለቤትዎን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ውጣ ከቤቴ!» ብሎ የኮምፒውተሩን ገመድ ጨበጠ።

«ይምቱኝ ጋሼ፤ ብቻ አይንቀሉት!»

«ደግሞ ታዘኛለህ?»

«አባዬ፣ በእማዬ አጥንት!» ብላ እጁ ላይ ተጠመጠመች።

የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያ ከፈትኩ። የተጠረገው ሁሉ እዚያ ተከምሯል! መለስኩት። ዝርዝሩ ግን «አልተገኘም» አለኝ። አባትየው ገመዱን ሳብ አደረገ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ዘፈኖቹ ያሉበትን ቦታ ለኮምፒውተሩ እንደ አዲስ አሳየሁት። አንድ አንድ ሆነው ተሰለፉ።

የእናቷን እንጉርጉሮ ነካሁት... ዝም።

ከዚያ የስፌት መኪና ድምፅ፣ ቀጥሎም እንጉርጉሮ መጣ። መሀል ላይ እናትየው አቋርጣ፣ «ውይ፣ እየቀዳኸኝ ነው እንዴ አንተ?» አለች።

ሹፌሩ ከነጫማው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«አባዬ» አለች፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ዋሽቶ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ውሸታም አማች ልታመጪብኝ ነው?»

«ኧረ አባዬ! አማች ያለው ማነው?»

«እኔም እናትሽን እንዳይቆጧት ስንት ዋሽቻለሁ። ይሄ በሽታ አይጠፋኝም።» ወደ እኔ ዞረ። «በል ተናገር።»

የማወራው ተረት ፈለግኩ። አንድም አልመጣልኝ!

«እወዳታለሁ፣ ጋሼ።»

«ይሄኛውስ?» አላት። «እውነቱን ነው?»

«ውሸት ከሆነማ እዚሁ ነው የማንቀው!» አለችና እጄን ጨበጠችው።

እስከ ዛሬ አለቀቀችውም። ሚስቴ ናት።