የጠፋው የፍላጻ መብራት

ዌንደል ሶልሀይም ከዛፍ ማማው ሥር ተንጋሎ፣ ደረቱ ላይ ፍላጻ እንደተተከለ በጧት ተገኘ። የፍላጻው ላባ ቢጫ ነው። በዚያ የዊስኮንሲን ጫካ በቢጫ ላባ የምታድን አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የእህቱ ልጅ ብሪት።

መርማሪ ማርሊስ ሀውጊ ተንበርክካ አየች። ፍላጻው ስንዝር እንኳ አልገባም። ጭራው ላይ የተሰካችው ትንሽ መብራት ጠፍታ እንደ ውሃ ቀለም አልባ ሆናለች።

በአደኑ ጎጆ ሦስት ሰዎች ይጠብቋት ነበር። ብሪት በካቴና ታስራለች።

«እንዳትፈቻት!» አለ የሟቹ ወንድም ሎይድ። «ፍላጻው የማን እንደሆነ ዕውር ያውቀዋል።»

«እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?»

«ከተማ። ወደ ጫካው የመጣሁት ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነው።»

ሬሳውን ያገኘው ጎረቤቱ ዱዌን ነው። ከሟቹ ጋር በአጥር ምክንያት ተጣልተው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። «ተጣልተናል፤ ታዲያ ገደልኩት ማለት ነው? ስለዚያ የፍላጻዋ ቀይ መብራት ጠይቋት! ሦስት ዓመት ሙሉ በአጥሬ ላይ እየበረረ ከብቶቼን ሲያስበረግግ ኖሯል።»

ብሪት ቀና አለች። «ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ አጋዘን ላይ ተኩሼ ሳትኩ። ፍላጻዬ ወንዙን ተሻግሮ ወደቀ፤ መብራቱ ከሣሩ ውስጥ ይታየኝ ነበር። በድልድዩ ዞሬ ስደርስ የለም።»

«የለም!» ሎይድ ሳቀ። «እኔ በአባቴ የእንጨት ቀስት ነው የማድነው፤ እንዲህ ያለ መጫወቻ በእጄ አልነካም። እንደ ገና ዛፍ አረንጓዴ አምፖል ሰክቶ አዳኝ ነኝ ማለት!»

«ጫካውን ማን ይወርሳል?»

«እሷ ነበረች። ነፍሰ ገዳይ ግን ውርስ እንደማያገኝ አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ያኔ ለእሱ ነዋ የሚሆነው» አለ ዱዌን ፈጠን ብሎ። ሎይድ አፈጠጠበት።

ማርሊስ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሆና ሁሉንም ወደ ግቢው አወጣቻቸው። ካቴናውን ፈታች፤ ቀስቱንም ለብሪት ሰጠቻት።

«መሣሪያ አስጨበጥሻት!» ብሎ ሎይድ ጮኸ።

ብሪት ወደ ገለባው ክምር ተኮሰች። የፍላጻው ጭራ አረንጓዴ ሆኖ በራ።

«መብራቷ የምትበራው የቀስቱ ጅማት ሲገፋት ነው» አለች ማርሊስ። «አንዴ ከበራች ሰው በእጁ እስኪያጠፋት ድረስ ቀኑን ሙሉ ትበራለች። ዌንደል ደረት ላይ ያለችው ግን ጠፍታለች። ብቻዬን ሳለሁ ሞክሬያታለሁ፤ ባትሪዋ ደህና ነው። ደግሞ ከቀስት የወጣ ፍላጻ ቢሆን ሰውየውን በስቶ በወዲያ በኩል ይወጣ ነበር። አልተተኮሰም፤ በእጅ ነው የተወጋው።»

«እሷስ እጅ የላትም?» አለ ዱዌን።

«አላት። ብሪት፣ አረንጓዴውን መቼ ጀመርሽ?»

«ትናንት። ቀዩ አልቆብኝ ነው። ያችን አንዷን ብቻ ነው የተኮስኩት፤ ቀለሙን ለማንም አልተናገርኩም።»

«ዱዌን እንኳ ቀይ ነው አለ። ስትጠፋ ደግሞ ቀለም የላትም፤ ውሃ ነው የምትመስለው። አቶ ሎይድ፣ ትናንት ከተማ ነበርኩ ብለዋል። አረንጓዴ መሆኗን በምን አወቁ?»

ሎይድ ዓይኑን ወደ ገለባው ክምር መለሰ።

«ከወንዙ ማዶ ስትበራ አገኟት፤ ብሪት ሳትደርስ አጥፍተው ፍላጻውን ወሰዱ። ዛሬ ጧት ወንድምዎን በእሱ ወጉት። እሱ ሞቶ እሷ ስትታሰር ጫካው የእርስዎ ይሆናል።»

«የአባቴ ጫካ ነው!» ሎይድ ብሪት ላይ ዘለለ። «ለዚች ቅራሪ!» ሁለቱ ፖሊሶች ይዘው ጣሉት።

እየጎተቱ ሲወስዱት ዱዌን ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ… ሰው ይሳሳታል፣ ብሪት።»

«ጧት ፊቴ ላይ ተፍተሃል።»

«ተናድጄ…»

«ከመሬቴ ውጣ።»

ዱዌን ወደ አጥሩ ሄደ። ማርሊስ ልታጽናናት እጇን ዘረጋች፤ ብሪት ግን ካቴናው ያቆሰለውን አንጓዋን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እርስዎም» አለች።