ልክ እናስገባዋለን

ፈጥሮ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ሱቄ መጥቶ የልክ ደብተሬን ይይ። የሆነ ነገር ነው... በእኔው ላይ የሆነ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ። ያለኝ ይኸው ነው።

ግራጫ ኮፍያ ያደረገ ሰው ገብቶ ወረቀት ሰጠኝ።

"አስራ አንድ ጥቁር ኮት። ለወሩ መጨረሻ።"

ወረቀቱ ላይ ስም የለም። ቁጥር ብቻ... ትከሻ፣ ደረት፣ እጅጌ።

ያኔ ገባኝ። ስለ አስራ አንዱ ሰዎች ክበብ ያልሰማ የከተማችን ሰው የለም። ትልልቆቹ ሁሉ እዚያ ናቸው ይባላል። በሩን ግን የሚያውቅ የለም። አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። የወጣ ሰው ደግሞ... ታይቶ አይታወቅም።

"መጥተው ይለኩ እንጂ" አልኩት። "ልክ ባይሆንስ?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ልክ እናስገባዋለን።"

በእኔ ላይ በቀልድ መዛቱ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከሄደ በኋላ የመጨረሻውን መስመር ሳነብ ክው አልኩ። ቀኝ እጅጌ ስልሳ አራት። ግራ እጅጌ ስልሳ።

ይህን ልክ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አልስተውም። የታናሽ ወንድሜ የማሙሽ ነው። ልጆች ሳለን አዝዬው ስሮጥ ከጀርባዬ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰበረ፤ እንደ ቀኙ ሳያድግ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሰው እጁን እያየ እንዳያፌዝበት ልብሱን ሁሉ የምሰፋለት እኔ ነኝ።

ቤቱ ሮጥኩ።

"ማሙሽ፣ የት ልትገባ ነው?"

በሩን ዘጋና አንሾካሾከ።

"ጋሼ፣ ለማንም እንዳትናገር። ሰው ልሆን ነው።"

"ተው! በእናታችን ይዤሃለሁ!"

"ፈርሜያለሁ።"

እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ወይ ፍንክች።

ምን አቅም አለኝ? ያለኝ መቀስ ነው። የእሱን ኮት ሁለቱንም እጅጌ ስልሳ አድርጌ ቆረጥኩ። የቀኝ አንጓው አፍጥጦ ሲወጣ ያፍሩበታል፣ ከበር ይመልሱታል ብዬ። ሆን ብዬ ልብስ ሳበላሽ የመጀመሪያዬ ነው። አበላሽቼም ደስ አለኝ።

ባለ ኮፍያው ኮቶቹን ወሰደ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ የማሙሽ ስልክ አይነሳም። ቤቱም ዝግ ነው።

አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሙሽ ራሱ መጣ። ኮቱን ለብሷል።

ተመስገን ብዬ ላቅፈው ተነሳሁና... እጅጌውን አየሁ።

ልክ ነው። ግራውም፣ ቀኙም።

ሜትሬን አነሳሁ። ግራ፣ ስልሳ። ቀኝ...

ስልሳ።

ጠባሳ የለም። ስፌት የለም።

"ማሙሽዬ... ቀኝ እጅህን ምን አደረጉህ?"

ፈገግ አለ።

"ምን ሆነ? ድሮም እኩል ናቸው።"

"ከጀርባዬ የወደቅከውስ?"

"ማን ወደቀ?"

እንባዬ መጣ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ልጅ ሆኜ አንዱን እጁን፣ አሁን ደግሞ ሌላውን።

አላጽናናኝም። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ባለሙያው፣ አንድ ቦታ ተከፍቷል። ለማክሰኞ ያድርሱልን።"

ጋሼ የለ፣ ምን የለ። አንቱ አለኝ።

አንድ መስመር ነው። ትከሻው የእኔ ልክ። ደረቱም የእኔ። ቀኝ እጅጌው የእኔ።

ግራ እጅጌ የሚለው ላይ... ጭረት ብቻ።

ቀደድኩት። በማግስቱ ያው ወረቀት በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁት።

ልክ የሚያስገቡኝ ከሆነ በገዛ ልኬ ይሁን ብዬ ኮቱን ሙሉ አድርጌ ሰፋሁት። ሁለት እጅጌ። ዞር ብዬ ስመለስ ግራው ተተርትሮ፣ በደንብ ተጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ ነው። እንደገና ሰፋሁት። እንደገና ተተርትሯል።

ዛሬ ሰኞ ነው። አሁንም እየሰፋሁት ነው።

ቅድም መርፌው ግራ ጣቴን ወጋኝ...

ምንም አልተሰማኝም።