ፓንዳዋ የምትሻገርበት ቀርከሃ

ዩንሺው የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው በሲቹዋን ተራሮች ላይ፣ ገደል ተጠግቶ በተሠራ የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ ከወንድ አያቷ ጋር ነው።

ልጆች፣ ዩንሺው የምትኮራባቸው ሁለት ነገሮች ነበሯት። አንደኛው ዳማ ፈረሷ ነው። ሁለተኛው መንደሯ ነው። በመንደሯ መኩራቷ ደግሞ እውነቷን ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ፓንዳ የሚባለው የዚያ አገር ጥቁርና ነጭ አውሬ ሆዱን የሚሞላው በቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ደግሞ የሚገርም ተክል ነው። ብዙ ዘመን ቆይቶ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ግን ተራራው ላይ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይደርቃል። ዱሮ ይህ ሲሆን ፓንዳ አይጨነቅም ነበር። ቀስ እያለ ወደ ሌላው ተራራ ይሻገርና እዚያ ይበላል። ኋላ ግን ሰው መጣ። ዛፉን ቆረጠ፣ መንገድ ጠረገ፣ ጎመን ተከለ። ፓንዳውም በአንድ ተራራ ላይ ተዘግቶበት ቀረ። ምግቡ ሲያልቅ ይራባል፤ የትዳር ጓደኛም አያገኝም። አንዳንድ ሰው «ፓንዳ እያለቀ የሄደው ሰነፍ ስለሆነ ነው» ይላል። ውሸት ነው! እያለቀ የሄደው መንገዱን ስለዘጋንበት ነው።

የዩንሺው መንደር ሰዎች ይህን ሲረዱ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እያንዳንዱ ቤት ከጎመን ማሳው ላይ ቆርሶ ሰጠ። በተሰጠው መሬት ላይም ከላይኛው ጫካ እስከ ማዶው ጫካ ድረስ ቀርከሃ ተከሉ። «እኔን ይለፈኝ» ያለ አንድ ቤት አልነበረም። አጥር አጠሩለት፤ አንድ ሕግም አወጡ፦ ፈረስ እንዳይገባ። ፈረስ እንደ ፓንዳ ቀርከሃ ይወዳላ! የአጥሩ ጠባቂም የዩንሺው አያት ሆኑ።

በዚያ ዓመት በላይኛው ተራራ ያለው ቀርከሃ አበበና ደረቀ። አያትየው አንዲት ፓንዳ ከነግልገሏ አዩ።

«ዘንድሮ መሻገር አለባት» አሉ። «ካልተሻገረች የበረዶውን ወራት አትወጣውም። ግልገሏም እንደዚያው።»

በዚያው ሰሞን የመንደሩ በዓልና የበዓሉ የፈረስ ውድድር ደረሰ። የጎረቤት ልጅ ቹንየን ዳማውን አይታ ሳቀች።

«ዩንሺው፣ ይሄ ፈረስ ነው የልብስ ማስጫ? አጥንቱ ላይ እኮ ሸሚዝ ማስጣት ይቻላል!»

«አፍሽን ዝጊ! በበዓሉ ቀን እንተያያለን!»

ዩንሺው ግን አንጀቷ አረረ። በማግስቱ ዳማውን ይዛ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ቀርከሃው ለምለም ሆኖ ታያት። «አንዴ ብቻ» አለች በልቧ። «አንድ ፈረስ ምን ያህል ይበላል?»

ልጆች፣ «አንዴ ብቻ» የምትለውን ቃል ተጠንቀቋት። ብቻዋን መጥታ አታውቅም።

ዩንሺው አያቷ ወደ ላይኛው ተራራ ሲወጡ ጠብቃ፣ የአጥሩን በር የሚዘጋውን አግዳሚ እንጨት አንስታ ፈረሷን አስገባች። በነጋታውም አስገባች። ከዚያም ወዲያ አስገባች። ዳማው ጎኑ ሞላ፣ ጠጉሩ አበራ። እሷም ደረቷን ነፋች።

በዚያ አገር ፈረሶች ማታ ማታ ተራራው ላይ ይለቀቃሉ። ቃጭል ያለውን ፈረስ ሌሎቹ ይከተሉታል። ቃጭሉ ደግሞ በዳማው አንገት ላይ ነበር! አንድ ሌሊት ዳማው በለመደው መንገድ ሄደና በደንብ ያልተዘጋውን እንጨት በደረቱ ገፍቶ ገባ። ሌሎቹም ቃጭሉን እየሰሙ ተከተሉት። ሲነጋ የቀርከሃው መሐል ባዶ ሆኖ ተገኘ። ፓንዳዋ ተደብቃ የምታልፍበት ጥላ ጠፋ።

መንደሩ አደባባይ ላይ ተሰበሰበ። ብዙ ፈረስ ያላቸው የቹንየን አባት አቶ ቼን ስለሆኑ፣ ዓይን ሁሉ እሳቸው ላይ አረፈ።

«ቼን፣ ፈረሶችህ ከተራራው ይውረዱ» አሉ የመንደሩ አለቃ እማማ ሉ። «አንተም ከእንግዲህ ከእኛ ጋር በዓል አታከብርም።»

«በልጄ እምላለሁ፣ አጥሩን አልከፈትኩም!» አሉ አቶ ቼን። «በገዛ እጄ የተከልኩትን ላስበላ? አብጃለሁ?»

ቹንየን ማልቀስ ጀመረች። ዩንሺው አጥሩን ስትከፍት ማንም አላያትም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እግዚአብሔር ግን አይቷል፤ እሷም ታውቃለች። ከአጠገቧ አያቷ ቆመዋል። የአጥሩ ጠባቂ እኮ ናቸው! ምን ይሏቸዋል?

«እኔ ነኝ!» አለች ድንገት። «ጋሼ ቼን አይደሉም። ዳማዬ እንዲወፍር ብዬ አጥሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ ከፍቻለሁ።»

ዩንሺው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አያቷ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ።

«ጥፋቷ የቤቴ ጥፋት ነው፤ አብሬያት እተክላለሁ» አሉ። «ግን ሰምታችኋል አይደል? ማንም ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው። በዚህች ልጅ አላፍርም።»

ዩንሺው አቶ ቼን ፊት ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሽ፣ ተነሽ» አሉ አቶ ቼን ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ደግሞ እኔ ቁጭ ብዬ ላያችሁ ነው? የእኔዎቹ ሆዳሞችም እኮ በልተዋል!»

ዳማው ከውድድሩ ቀረ። በበዓሉም ቀን ከወንዙ ዳር ቀርከሃ ከነሥሩ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ዋለ። ዩንሺው እየነዳችው ሳለ ቹንየን ዶማ ይዛ ከኋላ ደረሰችባት።

«ውድድሩስ?» አለቻት ዩንሺው።

«ያላንቺ ማንን ቀድሜ ልኩራ? ነይ፣ ጉድጓድ ልቆፍርልሽ።»

ከዚያ ሽማግሌው መጣ፣ ሕፃኑ መጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል? ባዶው ቦታ ተሞላ። ውሾች ታሰሩ። በዚያ በኩል ማንም እንዳያልፍ ሆነ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ዩንሺው ማታ ማታ ስለ ፓንዳዋ ትጸልይ ነበር።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት ጠዋት አያቷ ከማዶው ጫካ ዳር ተጣሩ። መንደሩ ሁሉ ሮጠ። በረዶው ላይ ምን ነበር መሰላችሁ? ፋንድያ! አረንጓዴ፣ ቀርከሃ ቀርከሃ የሚል የፓንዳ ፋንድያ። አትሳቁ! እማማ ሉ አንዱን አንስተው አሸተቱና፦

«የእኛ ቀርከሃ ነው! የእኛው!» ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ለፋንድያ እንዲህ የፈነጠዘ መንደር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዩንሺው ግን ጎንበስ ብላ ስትፈልግ ቆየች። ከትልቁ ዱካ አጠገብ ትንሽዬ ዱካ አገኘች።

«አባባ! ግልገሉም ተሻግሯል!»

«ተሻግሯል» አሉ አያቷ። «ዱካውን ተከተይ እስቲ፣ በየት በኩል እንደመጡ እይ።»

ተከተለች። ዱካው የመጣው እሷ በተከለችው ቀርከሃ መሐል ነበር። ዩንሺው በዚያ ቀን የኮራችውን ኩራት ዳማው ውድድሩን ቢያሸንፍላት ኖሮ አታገኘውም ነበር።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ፍጥረቱን እንድንጠብቅ አደራ ሰጥቶናልና፣ ስናጠፋ ጥፋታችንን አንደብቅ፤ አምነን፣ ያበላሸነውን በገዛ እጃችን እናቅና።