ከበሮ በኹዳዴ

ባለጋሪው ውዱ ትልቁን ድራም በገመድ ጠፍሮ ካሰረ በኋላ ሲምባሉን አንስቶ አገላበጠው።

«ይኼስ አክንባሎ ነው?»

«ሲምባል ነው» አለችው ምሥራቅ። «ዱላ ሲያርፍበት ይጮኻል።»

«አክንባሎም በዱላ ከመቱት ይጮኻል።» ዕቃውን በጆንያ ጠቅልሎ አጠገቡ አስቀመጠና ፈረሱን ቸብ አደረገ። ከዳንግላ መናኸሪያ እንደወጡ፣ ከኋላ ድራሞቹን አቅፎ ወደተቀመጠው ወደ ደርበው ዞረ። «ለመሆኑ የማን ሰርግ ነው? በኹዳዴ የሚያገባ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ደርበው ድራሞቹን ጠበቅ አድርጎ አቀፈ። ምሥራቅ ዞር ብላ የወንድሟን ፊት አየችና ያኔ ገባት። ረስቶታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ሲያጠና አራት ዓመቱ ነው፤ የመመረቂያ ኮንሰርቴን አገሬ ላይ ላቅርብ ብሎ መምህራኑን ለምኖ፣ «መጋቢት ይሁን» ሲሉት «ይሁን» ብሎ ሲፈርም ጾሙን አልቆጠረም።

እሷም ብትሆን ጥፋት አላት። በጥር ስልክ ደውሎ «አብረን እንጫወታለን» ሲላት ከደስታዋ ብዛት ወሩን እንኳ አልሰማችውም። ጾሙ ሲገባ ደግሞ «የተማረ ሰው አይደል፣ አንድ ነገር አስቦ ይሆናል» ብላ ዝም አለች። አሁን የተማረው ሰው ድራም አቅፎ ዐይኑን ያቁለጨልጫል።

ደርበው የሚጫወተው ጃዝ ነው። የኮንሰርቱ መጨረሻ ግን የሁለት ሰው ነበር፤ እሱ በድራሙ አራት ዙር መትቶ ያቆማል፣ ምሥራቅ በእናታቸው የሰርግ ከበሮ አራት ዙር ትመልስለታለች፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ነጥብ የሚሰጠው መምህር መሳፍንት በማግስቱ ከአዲስ አበባ ይደርሳል። ቀን መቀየር የሚባል ነገር የለም።

ቤት እንደገቡ ምሥራቅ በርጩማ ላይ ወጣች። ከበሮው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። እናታቸው እናትነሽ በዳንግላና በዙሪያዋ ለሰርግ የምትጠራ ከበሮ መቺ ናት፤ ጾሙ ሊገባ ሲል ጠቅልላ የሰቀለችውም እሷ ነች።

«ምን ልትሠሪበት ነው?» አለች፣ ምስር ከምትለቅምበት ሰፌድ ዐይኗን ሳታነሳ።

«ልንለማመድ፣ እማ።»

«የወንድምሽ ጉዳይ ነውና አልከለክልሽም። በኹዳዴ የሚመታ ከበሮ ግን ቁጭ ብዬ አላዳምጥም። ለእኔ ወንበር እንዳትይዙ።»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይደለም እኮ፣ አዳራሽ ነው።»

«አዳራሽ መሆኑንማ ሰምቻለሁ።»

ምሥራቅ መልስ ደርድራ ነበር። ፈተና መሆኑን፣ ጭፈራ አለመሆኑን፣ ቀኑን የቆረጡት ሌሎች መሆናቸውን። እናቷ ግን ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ለክርክር ወገቡን ለታጠቀ ሰው፣ ተከራካሪ እንደማጣት የሚያናድድ ነገር የለም።

ቁጣዋን የምትወጣበት ሰው ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። በሰንበት ትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ምንይችል የሚባለው የክፍሏ ልጅ ጽፏል፦ «ሰምታችኋል? እህታችን ምሥራቅ በኹዳዴ ዳንኪራ ልታስመታ ነው። ጃዝ ነው አሉ። የፈረንጅ ዛር መሆኑ ነው።» ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል።

ጣቷ ስልኩን ሊሰብረው ደረሰ። «ጃዝን አንድ ቀን ሳትሰማ ዛር አልከው። ረቡዕ ዕለት ከትምህርት ቤት መጸዳጃ ጀርባ የእንቁላል ሳንዱች ስትውጥ ያየሁህ እኔ ነኝ። ጾም ጠባቂ ሆነህ ሞተሃል።»

ግሩፑ በሳቅ ተናወጠ። ምንይችል ቆይቶ፣ «ነገ እናያለና» ብቻ አለ።

ካሸነፈችው በኋላ ነው የባሰው። ምንይችል ውሸታም ይሁን እንጂ፣ እሷ ራሷ በኹዳዴ ከበሮ መምታት አትፈልግም። ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምትመታው እሷ ናት። በጾሙ መዝሙሩ ያለ ከበሮ ሲዘመር እጇ ጭኗ ላይ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የፋሲካ ሌሊት የመጀመሪያውን ምት ስትመታ የሚጣፍጣት ያን ሁሉ ሳምንት ጠብቃ ስለሆነ ነው። ማንም አላዘዛትም፤ የራሷ ነገር ነው። አሁን ግን ከቀረች ምንይችል «አስፈራራኋት» ሊል ነው፤ የደርበውም ፈተና ሊበላሽ ነው።

በማግስቱ የወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ደርበው የድራሙን ብሎን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆመች።

«የእኔን አልመታውም» አለችው።

ቀና አለ። «ምን?»

«ሰምተኸኛል።»

«ምሥሬ፣ የፈተናው ግማሽ እኮ ነው። አራት ዓመት የለፋሁበት ነው። እማ ናት?»

«እማ አልከለከለችኝም። አንተ ስትፈርም ጾሙን ረሳህ። እኔም ልርሳልህ?»

ብሎኑን ትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ቀላ። «እና ብቻዬን ልውጣ?»

«አብሬህ እወጣለሁ። ከበሮውን ይዤ እቀመጣለሁ። አራትህን ስትጨርስ የእኔን አራት ባዶውን ትተወዋለህ። እንዳትሞላው።»

«ካልመታሽ ለምን ትወጫለሽ?»

«ቦታው የእኔ ስለሆነ።»

ደርበው ወደ ድራሙ ተመለሰ። ብሎኑን ከሚገባው በላይ አጠበቀው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ምንይችል ከጓደኞቹ ጋር ከፊት ተቀምጧል፤ መምህር መሳፍንት መነጽሩን እየጠረገ ጥግ ይዟል። ደርበው ብቻውን የሚጫወታቸውን አንድ በአንድ ተጫወተ፤ ሰዉ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀስ በቀስ እግሩ ወለሉን መምታት ጀመረ። በመጨረሻ ምሥራቅ ጥቅልል ከበሮውን ይዛ ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ጨርቁን አልፈታችውም። መዳፎቿን ከላይ አሳረፈች።

ደርበው አራቱን ዙር መትቶ አቆመ።

ጸጥ አለ። አንድ ሰው አሳለ። ከፊት ረድፍ ሳቅ ተሰማ። ደርበው ዱላውን ከፍ አደረገ፣ እጁ ሊሞላው እንደፈለገ ታያት፣ ከዚያ ዱላው ወረደ። ምሥራቅ በልቧ ቆጥራ ስትጨርስ «ቀጥል» በሚል ራሷን ነቀነቀችለት። እንደገና መታ፤ ይኼኛው ከፊተኛው ቀለል ያለ፣ ሰው እየጠራ መልስ እንደሚጠብቅ ዓይነት ነበር። እንደገና ባዶ። አሁን የሳቀ አልነበረም። በሦስተኛው ላይ ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ያለ ድምፅ ሲሄድ አየች። የሰርጉን ምት ያውቁታል፤ ያልተመታውን በቦታው እያስገቡት ነበር።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ መምህር መሳፍንት ወደ መድረኩ መጣ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ላልሰማሁት ነጥብ አልሰጥም። እህትህ አሁን እዚሁ ትምታልኝና እንጨርስ። ሌላ ማንም የለም።»

ምሥራቅ ወንድሟን አየችው። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ለራሷ ቢሆን እንቢ ትል ነበር፤ የሱን ፊት ስታይ ግን እጇ ሳታዝዘው ወደ ጨርቁ ቋጠሮ ሄደ። ደርበው ቀደማት። መዳፉን ከበሮው ላይ ጫነ።

«ከፋሲካ በኋላ ይምጡ፣ መምህር» አለ። «ሰርግ አናጣም።»

«ውጤት የማስገባው በዚህ ሳምንት ነው።»

«አውቃለሁ። በሰሙት ልክ ያስገቡልኝ።»

መምህሩ ከበሮውን አየ፣ ምሥራቅን አየ። «አስቤበት እደውላለሁ» ብሎ ወጣ።

ውጭ ውዱ ጋሪውን አቁሞ ይጠብቃል። ድራሞቹን ሲጭኑ፣ «እናታችሁ እዚያ መስኮት ሥር ቆማ ነበር» አላቸው። «ግቢ ብላት እንቢ አለች። እስኪያልቅ ሰምታ አሁን ነው የሄደችው።»

የምሥራቅ ስልክ ነዘረ። ምንይችል ነው፣ በግሩፑ ላይ፦ «አላልኳችሁም? ፈራች።» ከሥሩ የሚስቁት ፊቶች ተደርድረዋል። ሳንዱቹን ደግማ ልታነሳበት ትችላለች፤ ከዚያ የባሰም ታውቅበታለች። ጣቷ ፊደሉ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስልኩን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው።

ውዱ ከበሮውን ተቀብሎ ከድራሞቹ ጋር ሊያስር ገመዱን ሳበ።

«እሱን ተወው» አለችው። «እኔ እይዘዋለሁ።»