የደረጃው ክር

ድንጉጤ የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። በልጅነቷ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባ ስለነበር ነው አሉ። ስሙ አብሯት አደገ። ሥራዋ ደግሞ ያስገርማል፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች። ቀኑን ሙሉ የፈራ ሰው እጅ ይዛ «በአፍንጫህ ተንፍስ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ» ስትል ትውላለች። ሰውን ሁሉ እያረጋጋች ራሷን ማረጋጋት ያልሆነላት ሴት ነበረች።

ወደ አንዲት የወደብ ከተማ የሄደችውም ወዳ አይደለም። አክስቷ ጡረታ እንደወጣች «ዓይኔ ሳይደክም ባሕር ልይ» ብላ ተነሳች። ልቧም ጉልበቷም የሚታመኑ አልነበሩምና ብቻዋን የሚለቃት አልተገኘም፤ ዕጣው ድንጉጤ ላይ ወደቀ። ታላቅ ወንድሟ ከተማዋን ቀድሞ ያየ ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት ቁጭ አድርጎ መከራት። ወደ አሮጌው ምሽግ የሚያስወጣው የድንጋይ ደረጃ ላይ ደላላና አዟሪ እንደሚሰፍርባቸው፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንድታቅፍ፣ የማንንም ዓይን እንዳታይ ነገራት። ከሁሉ ያስፈራት ግን የመጨረሻው ምክሩ ነው።

«እጅሽ ላይ አንዳች ነገር ካሰሩልሽ አለቀልሽ» አላት። «ስጦታ ነው ይሉሻል። ዋጋው በኋላ ነው የሚመጣው።»

ደረጃው እንደተባለው ነበር፤ እንዲያውም ባሰ። ገና ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ከበቧቸው። አንዱ መነጽር ዓይኗ ላይ ይሰካል፣ አንዱ የዛጎል ሐብል አንገቷ ላይ ያጠልቃል፣ አንዱ ጀልባ አለኝ ይላል፣ ሌላው የዚያ ጀልባ ቀዳዳ ነው የኔ ይሻላል ይላል። ማየት በነፃ ነው፣ መንካትም በነፃ ነው፣ መሳቅም በነፃ ነው ይሏታል። ከሁሉም ድምፁ የሚበልጠው አንድ ደንዳና ጎረምሳ ነበር። ጡሩምባ ይሉታል። እሱ ሲጣራ ባሕሩ ላይ ያረፉት ወፎች ይነሳሉ።

ድንጉጤ አንገቷን ደፍታ፣ በአንድ እጇ ቦርሳዋን አቅፋ፣ በሌላው የአክስቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ መውጣት ጀመረች። ከእግሯ በቀር ምንም አታይም። ብዙ ወጣች። ወከባው ጋብ ያለላት ሲመስላት ቀና አለች፤ የያዘችው የሌላ ሴት ቀሚስ ነበር። ሴትዮዋ ዞር ብላ በግርምት አየቻት።

አክስቷ የለችም።

የአክስቷ የልብ መድኃኒት በድንጉጤ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ የሚወሰድበት ሰዓት ደርሷል። ወደ ታች አየች፣ ወደ ላይ አየች፤ ፊት ብቻ። የሚስቅ ፊት፣ የሚጣራ ፊት፣ ጥርስ፣ ጥርስ፣ ጥርስ። መቆሟን ሲያዩ ጠጋ አሉ። አንዱ እጅጌዋን ጎተተ። ግድግዳውን ተደገፈች።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ግራ እጇን ያዘ።

ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው፤ ትከሻው ላይ ባለብዙ ቀለም የክር ጥቅል አንጠልጥሏል። ቃል አልተናገረም። ሰማያዊና ቢጫ ክር አንጓዋ ላይ ጠምጥሞ፣ እሷ እጇን ለመንጠቅ ሳታስብ ቋጠረው። ከዚያ ክንዷን ለሁሉም እንዲታይ ወደ ላይ አነሳው።

ዝም አሉ። ሐብል ያጠለቀላት ሰው ሐብሉን ቀስ ብሎ ከአንገቷ አወጣና ወደ ኋላ ሸሸ። እጅጌዋን የያዘው ለቀቃት። መንገድ ተከፈተ።

ከጫጫታው ይልቅ ዝምታው አንቀጠቀጣት። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ክር ዝም የሚያሰኝ ምን ዓይነት ሰው ነው? የሁሉም አለቃ መሆን አለበት። ሰውየው ፈገግ አለ፤ ፈገግ ሲል ግን አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ይሄም አስፈራት። አፉን የሚሸፍን ሰው የሚደብቀው ነገር እንዳለው ከሥራዋ ታውቃለች።

«ማን ጠፋብሽ?» አላት።

«አክስቴ። መድኃኒቷ እኔ ጋ ነው።»

ምን እንደለበሰች ጠየቃት። አረንጓዴ ሹራብ፣ ትንሽ ታነክሳለች። ደረጃውን በዓይኑ ቃኘና «ጡሩምባም የለም» ብሎ ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ገባ።

ተከተለችው። ሌላ ምን ታደርግ? መንገዷ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም። ከላይ የተሰጣ ልብስ ውሃ ያንጠባጥባል፤ በሮቹ ሁሉ ገርበብ ያሉ ናቸው፤ ከአንዱ በር ጀርባ የሆነ ሰው ሲያስል ዘለለች። በእያንዳንዱ እርምጃ ሮጣ ለመመለስ ታስባለች፤ በእያንዳንዱ እርምጃ መድኃኒቱ ትዝ ይላታል። ሰውየው ከፊቷ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላያትም። እንድትከተለው ያን ያህል እርግጠኛ የሆነው ለምንድን ነው ብላ ፈራች። ምክንያቱን የነገራት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ፊት የሚያስፈራት መሆኑን አይቶ ነው ጀርባውን የሰጣት።

መንገዷ አንድ ምንጣፍ ቤት ላይ አበቃች። አክስት ጫማዋን አውልቃ፣ የምንጣፍ ክምር ላይ ተሰይማ፣ ሻይ እየጠጣች ነበር። ጡሩምባ እግሯ ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ ፊቱ በላብ ርሷል።

«መጣሽ ድንጉጤ?» አለች አክስት። «ይሄ ልጅ ምንጣፍ ልሽጥልሽ ብሎ አመጣኝ። ያላገባች እህት አለችው፤ ለወንድምሽ ላጭለት ጥቂት ነው የቀረኝ።»

ጡሩምባ ያ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶ «እባክሽ እህቴ፣ ውሰጂልኝ» አላት።

ድንጉጤ ክኒኑን በአክስቷ መዳፍ ላይ አድርጋ፣ ውሃ አስጠጥታ፣ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። እንባዋን ጠርጋ ወደ ባለክሩ ዞረችና ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። ምንም አላት። ምንም ማለቱ ከማንኛውም ዋጋ በላይ አስፈራት።

ነገሩን ያስረዳቸው ባለምንጣፉ ነው። ደረጃው ላይ የሚሠራ ሁሉ የራሱ የክር ቀለም አለው። ክር የታሰረለት እንግዳ ሰው አለው ማለት ነው፤ አይጎተትም፣ አይዋከብም፣ ቢጠፋም ክሩን ያየ ሁሉ ወደ ባለቀለሙ ይመልሰዋል። አስረው የሚያስከፍሉም አይጠፉም፤ ይህንንም አልደበቀም።

አክስት የምንጣፉን ክምር ደጋግማ ተመኘችው፤ እዚያው ከተማ ቆይተው ባሕሩን እስኪጠግቡት አዩ። ባለክሩ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ይጠብቃቸዋል። አክስትን ደግፎ ያወጣል፤ ከድንጉጤ ጋር ሲሆን ራቅ ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ግን የምሽጉ ግንብ ላይ ተቀምጠው ሳለ አክስት ልባቸውን አውቃ እንቅልፍ የወሰዳት መሰለች። ሁለቱ ባሕሩን አዩ።

«አፍህን ለምን ትሸፍናለህ?» አለችው ድንጉጤ።

በልጅነቱ እዚሁ ደረጃ ላይ ወድቆ ጥርሱ እንደተሰበረ ነገራት። አሳየኝ አለችው። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። እንደ ሕመምተኛ ልታየው ብላ ነበር፤ ዓይኑን ስታይ ግን ሕመምተኛ ሆኖ አላገኘችውም። ቶሎ ወደ ባሕሩ ዞረች። ጆሮዋ ድረስ ትኩሳት ተሰማት።

«በእንቅልፌ እንኳ አስቸገራችሁኝ፤ ወይ ተናገሩ ወይ ዝም በሉ» አለች አክስት ዓይኗን ሳትከፍት።

ቤቷ ስትመለስ ወንድሟ መጀመሪያ ያየው አንጓዋን ነው።

«ስንት ጠየቀሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ገና ነው።»

ባለክሩ ይደውልላት ነበር። ስለ ወፎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ጡሩምባ ድምፁ ጠፍቶ እንዴት በእጁ እንደሚጣራ ያወራላታል። እሷም በሳቅ ትፈርሳለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ፍርሃቷ ይመለሳል። ወንድሟ ባገኛት ቁጥር ያንኑ ይጠይቃል፤ ጠየቀሽ? አልጠየቀኝም። ገና ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዛሬ ነው፣ ዛሬ ይጠይቀኛል ትላለች። የፈራችው መክፈሉን አልነበረም። ከጠየቃት ያ ደረጃ፣ ያ ግንብ፣ ያ ዓይን ሁሉ ንግድ ሊሆንባት ነው።

በመጨረሻ ጠየቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር» አላት። «ስንት ጊዜ ፈርቼ ተውኩት።»

ተቀመጠች። መጣ አለች በልቧ።

«ጥርሴን መታከም እፈልጋለሁ። ወንበሩን ሳስበው ግን ጉልበቴ ይከዳኛል። እጄን ትይዢኛለሽ?»

ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳይለይላት ቆየች። ወንድሟ ሲጠብቀው የኖረው ዋጋ ይሄ ነበር።

መጣ። ወንድሟ ካላየሁት ብሎ አብሯት ሊቀበለው ሄደ። ሰውየው ከአውቶቡስ ሲወርድ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይቶ «ይሄ ነው እንዴ አጭበርባሪው? ከአንቺም ይብሳል» አላትና ሻንጣውን ተቀበለው።

ክሊኒኩ ውስጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዘረጋ ባለክሩ ዓይኑን ጨፈነ። ድንጉጤ እጁን ያዘች። «በአፍንጫህ ተንፍስ» አለችው። ሐኪሟ ስትሠራ ማንጎራጎር ልማዷ ነበር። መብራቱን አፉ ላይ አቀናች፣ ጎንበስ አለች፣ መስታወቷን ከምላሱ ጎን አስገባች። ማንጎራጎሯን መሃል ላይ አቆመች።

ድንጉጤ ከእሷ ጋር ስትሠራ እንዲህ ስታቆም ሰምታ ታውቃለች። ምን ማለት እንደሆነም ታውቃለች። የተሰበረው ጥርስ ምላሱን ዘወትር የሚያሽበት ቦታ ላይ፣ እሱ ቁስል ነው ይድናል ብሎ የተወው ነገር ነበር። ቀኑን ሙሉ ተንፍሱ የምትለው ሴት መተንፈስ ረሳች።

ባለክሩ ዓይኑን ገልጦ አያት። እጇን ጠበቅ አደረገ። መስታወቱ ከአፉ ሲወጣ «አሁን የፈራሽው አንቺ ነሽ» አላት። «በአፍንጫሽ ተንፍሺ።»

የምርመራው ውጤት መጣ፤ ሐኪሟ የፈራችው ያ ክፉ በሽታ፣ ካንሰር ነበር። ድንጉጤ ከዚያ በኋላ የቆየችው እንጋባ ለማለት ድፍረት እስክታገኝ ብቻ ነው። እሱ አይሆንም አላት፤ መውጣት የማትችዪውን ደረጃ አላስጀምርሽም አለ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸችበት። ሲጋቡ ለምስክርነት የፈረመው ወንድሟ ነው። ያን ቀን ስለ ዋጋ አልጠየቀም።

ቀዶ ሕክምናው የምላሱን ግማሽ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ትንሽ ነበር የሚናገረው፤ እሷ ብቻ ነበረች የምትሰማው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ክር ይገምዳል፤ ከሥራ ስትመለስ አፉን ሳይሸፍን ይስቅላታል። ደጉ ጊዜያቸው ያ ነበር፤ አጭር ነበር። በኋላ ጣቶቹም ደከሙ። አንጓዋ ላይ ያለው ክር ሊበጠስ መድረሱን አይቶ ሊያድስላት ሞከረ፤ ቋጠሮው እምቢ አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር እጁን ይዛ አስቆመችው። የመጨረሻው ቀንም እጁ በእጇ ውስጥ ነበር። በአፍንጫህ ተንፍስ፣ በአፍንጫህ ተንፍስ ትለዋለች፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ትከሻዋን እስኪነካት ድረስ ስትለው ነበር።

ሐዘኗ ትንሽ ጋብ እንዳለ ደረጃውን ልታይ ተነሳች። ወንድሟ አብሬሽ ልሂድ አላት፤ ተወኝ አለችው። አክስት መሄድ አቅቷት፣ ጡሩምባን እህቱ አገባች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላ ላከቻት።

ከአውቶቡሱ ስትወርድ የማታውቃቸው አዳዲስ አዟሪዎች ከበቧት። እጅጌዋን ሰብስባ አንጓዋን አሳየች። ክሩ ነጥቷል፤ ሰማያዊው ከቢጫው አይለይም። ማንም አላወቀውም። ሐብል አንገቷ ላይ አጠለቁ፣ እጅጌዋን ጎተቱ። ያ የድሮ ፍርሃት ተመለሰባት፤ ግን አሁን የምትፈራው እነሱን አልነበረም። ይሄ ክር ከተበጠሰ ሰው እንደነበራት የሚያውቅ በዚህ ደረጃ ላይ አይኖርም ብላ ነው።

ከላይ አንድ ደንዳና ሰው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ጡሩምባ ነው። ፊቷን አየ፣ አንጓዋን አየ። ያ ወፍ የሚያስነሳ ድምፁ ጠፋበት። ትከሻው ላይ ካንጠለጠለው የክር ጥቅል ውስጥ ሰማያዊና ቢጫ ክር መዘዘ።

«ቀለሙን ለማንም አልሰጠንም» አላት በሹክሹክታ።

ከአሮጌው ክር አጠገብ ሊያስርላት ጀመረ። ቋጠሮው አመለጠው፤ ደግሞም አመለጠው። እንባው አንጓዋ ላይ ወደቀ። ድንጉጤ ሌላኛውን እጇን እጁ ላይ አደረገች።

«በአፍንጫህ ተንፍስ» አለችው።

ተነፈሰ። አሰረው።

ሐብል የያዘው አዲስ አዟሪ ይሄኔም አልተዋትም፤ እህቴ ማየት በነፃ ነው እያለ ተጠጋት። ጡሩምባ ክንዷን ይዞ ለሁሉም እንዲታይ ወደ ላይ አነሳው። ድምፁም ተመለሰለት።

«ተዋት» አለው። «ሰው አላት።»

ወፎቹ ከባሕሩ ላይ ተነሱ። ደረጃው ከላይ እስከ ታች ዝም አለ። ድንጉጤ አንገቷን ሳትደፋ ወደ ምሽጉ መውጣት ጀመረች።