የጎደሉት ፊደላት

አያቷ ዘፈኑ መሀል ላይ ቆሙ። ሙዚቃው ግን ቀጠለ።

ማይክራፎኑን ዝቅ አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠራርገው እንደገና አደረጉት። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ከግጥሙ ፊደላት አንዳንዶቹ ጭንቅላት፣ አንዳንዶቹ እግር የላቸውም። ትንንሽ ካሬዎች እዚህም እዚያም ጎድለዋል።

«ጆሮዬ፣ ላንቺ ደህና ይታይሻል?»

ጆሮዬ የሚሏት የአስራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ነው። የእሳቸው ጆሮ ከደከመ ወዲህ ሰው የተናገረውን እየደገመች የምታሰማቸው እሷ ናት። ካራኦኬ ሲጫወቱ ግን ማንንም አይፈልጉም ነበር። ዜማውን ድሮ ያውቁታል፤ ቃላቱ አንድ በአንድ ቀለም ሲቀይሩ እያዩ ልክ በሰዓቱ ይገባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ስለነዱ፣ «አረንጓዴ ሲሆን መሄድ ነው፤ ይሄ ምን ያቅታል?» እያሉ ይስቃሉ።

ልጅቷ የካራኦኬውን ሲዲ ሳትነግራቸው ለጓደኛዋ አውሳ ወደ ቦታው የመለሰችው ትናንት ነው።

«አዎ አባባ፣ ደህና ይታየኛል» አለች ጮክ ብላ፣ ሳታስበው።

አያቷ ማጫወቻውን በገዛ እጃቸው አጠፉት። «እንግዲህ ጆሮ ሄደ፤ ዓይንም ተከተለው» አሉ ቀስ ብለው።

እናቷ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። ለሐሙስ ጠዋት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዘች።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ልጅቷ ጓደኛዋን ጥግ ያዘቻት። ጓደኛዋን ክፍሉ በሙሉ ፈንዲሻ ነው የሚላት፤ ወሬ ስትጀምር ስለምትንጣጣ።

«በናትሽ፣ ሲዲውን ምን አደረግሽው?»

«እኔ? ምንም! እንደሰጠሽኝ መለስኩልሽ። ማጫወቻችሁ አርጅቶ ይሆናላ። ድምፁ ደህና ነው አላልሽም? ሲዲው ቢበላሽ ድምፁም ይበላሽ ነበር፤ ሙድ አትያዢብኝ።»

ነገሩ እውነት ይመስላል። ቢሆንም ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሲዲውን ይዘው ቴሌቪዥንና ራዲዮ የምትጠግነው ሴትዮ ጋ ገቡ። ሴትየዋ የብየዳ ብረቷን ማስቀመጫው ላይ አሳርፋ ሲዲውን አምፖል ስር አዘነበለችው።

«ማጫወቻውስ ደህና ነው» አለች። «ድምፁ ሲዲው ላይ ተበታትኖ፣ ብዙ መጠባበቂያ ተጨምሮለት ነው የሚጻፈው። ጭረት የተወሰነውን ቢበላበት፣ ማጫወቻው ከቀረው አስልቶ ይሞላዋል፤ ሰው አያውቅበትም። ሥዕሉ ግን ምስኪን ነው። ከድምፁ ጎን በተረፈች ጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ነው የሚሄደው፤ መጠባበቂያውም ትንሽ ነው።»

«ካሬ ካሬ ሆኖ የጎደለውስ?»

«ስክሪኑ የሚሣለው በትንንሽ ካሬ ነዋ። ‹ይቺን እዚህ ሣል፣ ያቺን ቀለም ቀይር› የሚል ትእዛዝ ይመጣል። አንዱ ትእዛዝ ከጠፋ፣ ስክሪኑ ተጠርጎ እንደገና እስኪሣል ቦታው እንደጎደለ ይቀራል።» ሲዲውን ወደ ሁለቱ አዞረችው። «ማን እንደጠረገው አላውቅም፤ ግን ዙሪያውን እያሽከረከረ ነው የጠረገው። ከመሀል ወደ ዳር ነበር የሚጠረገው። ዙሪያውን ሲሆን ጭረቱ መንገዱን ተከትሎ ብዙ ያጠፋል። ቆይ፣ ላሻሽለው።»

ሴትየዋ ሲዲውን ስትወለውል ፈንዲሻ የሹራቧን እጅጌ ትጎትታለች። በር ላይ ሲደርሱ ግን እንባዋ መጣ።

«ጁስ ፈሰሰበት። በሹራቤ ጠረግኩት… ፈራሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለተኛ ነገር አታውሺኝማ!» አፍንጫዋን ጠረገች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ በራ። «ስሚ፣ አሁን እኮ ተስተካክሏል። ቀስ ብለሽ ቦታው መልሺው። ሲከፍቱት ጥርት ይልላቸዋል፣ ዓይኔ ተሻለኝ ብለው ይደሰታሉ፣ አለቀ! ማንም አይጎዳም።»

ልጅቷ ሐሳቡን አልጠላችውም፤ እንዲያውም በጣም ደስ ብሏት ነበር። ያስጨነቃትም መደሰቷ ነው።

ቤት ሲደርሱ እናቷ ለነገው የሐኪም ቀጠሮ የአያቷን ሸሚዝ ትተኩሳለች። አያቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው የጎረቤቱን የበር ቁጥር ለማንበብ ይሞክራሉ። ከዚያ ሌላኛውን ሸፈኑ። መጀመሪያ ያነበቡትን ያመኑት አይመስልም።

ልጅቷ ሲዲውን ከቦርሳዋ አወጣች። የማጫወቻው መደርደሪያ ሁለት እርምጃ ነው። አልፋው ሄደች። ትንሽ የሚሰማቸው በቀኝ ጆሯቸው ብቻ ነውና በዚያ በኩል ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሳቸው እንዲሰሙ መጮህ አለባት፤ ከጮኸች ደግሞ እናቷም ጎረቤቱም ይሰማል።

«አባባ!» አለች። «ዓይንዎ ደህና ነው! ሲዲው ነበር የተበላሸው። ሳልነግርዎት አውሼው ነው። ለእኔም ጎድሎ ነበር የታየኝ፤ ዋሸሁዎት!»

የእናቷ ካውያ ቆመ። አያቷ እጃቸውን ከዓይናቸው አወረዱ።

ፈንዲሻ በሩ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ገብታ በአያትየው ግራ በኩል፣ ምንም በማይሰማቸው ጆሮ አጠገብ ተቀመጠች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ አልወጣም። ተነሳች፤ ወንበሯን አንስታ ዞረችና በቀኛቸው በኩል መጣች።