ድምፅ የማያወጣ ወለል

ውሸት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ፤ ውሸት ቢሆን ከእናንተ በላይ ደስ የሚለው እኔን ነው። ግን በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ኮሪደሬ የሆነ ነገር ነው።

ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አቧራው ሲንሳፈፍ የሚታይበት ሰዓት ላይ ነው።

አባቴ ከተቀበረ ብዙም አልቆየም። ሰው ሁሉ "በርታ" ብሎኝ ወደየቤቱ ሄዷል። እኔ አላለቀስኩም። ውስጤ እንደ ተነቀለ ጥርስ ቦታ ሆኗል፤ በምላሴ እነካካዋለሁ እንጂ አያመኝም።

አባቴ በቀኝ እግሩ ያነክስ ነበር። የኮሪደሩ የባህር ዛፍ ጣውላ ደግሞ አርጅቶ፣ አረማመዱን ያሳብቅበታል። ረጅም ሲጥታ... አጭር ሲጥታ... ከዚያ ከዘራው፣ ቷ።

በዚያ ከሰዓት ያው ድምፅ መጣ።

ረጅም... አጭር... ቷ።

ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለች። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም።

"ሰማህ?" አለች በሹክሹክታ።

"እንጨት ነው። ሙቀት ሲነካው ይጮኻል።"

"እንጨት ያነክሳል እንዴ?"

ድምፁ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ሲመላለስ፣ ልጃችንን ይዛ እናቷ ጋ ሄደች። አልተቆጣችም። የልጅቷን ጫማ እያሰረች፣ ድምፁ ካልጠፋ እንደማይመለሱ ነገረችኝ።

አናጢ ጠራሁ።

ሰውየው ወለል ሊያነጥፍ ሳይሆን ሊያጋባኝ የመጣ ነው የሚመስለው። አራት ናሙና ኮሪደሩ ላይ ደርድሮ አንድ በአንድ ያሞግስልኝ ጀመር። ጥድ ሽታው ግሩም ነው፤ ግን ለስላሳ ስለሆነ የወንበር እግር እንኳ ይወጋዋል። ወይራ እኔንም ልጄንም ቀብሮ ይኖራል። ላሚኔት ፊቱ እንጨት፣ ሆዱ ወረቀት... ልክ እንደ እህቱ ባል። ቀርከሃ ግን ጠንካራ ነው፤ ከስሩ ስፖንጅ ከገባለት ትንፍሽ አይልም።

"ትንፍሽ የማይለውን" አልኩት።

"አይቸኩሉ ጌታዬ። እንጨት የሚኖርበትን ቤት አየር መልመድ አለበት፤ ሳይለምድ ከተነጠፈ ይጣመማል። እስከዚያ ይራመዱበት፣ ያወዳድሩ።"

ከየናሙናው ስር ቁራጭ ስፖንጅ አድርጎ ሄደ።

እኔ አልተራመድኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሶፋው ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ረጅም... አጭር... ቷ። ጥዱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ለዘብ አለ። ወይራው ላይ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ላሚኔቱ ላይ እንደ ባዶ ሳጥን ጮኸ... ቀርከሃው ላይ ጠፋ።

ተመለሰ። እንደገና ቀርከሃው ላይ ጠፋ። እንደገና ተመለሰ።

አባቴ ጫማ ሲገዛ ሱቁን ከዳር እስከ ዳር ሳይዞርበት አይከፍልም ነበር።

ሄጄ ጥዱን አየሁት። የወንበር እግር የሚወጋው ጥድ ላይ አንዲት ጭረት የለችም።

አናጢው የእንጨቱ ማረፊያ ጊዜ ሲያልቅ መጣ። እየቀለደ የመጀመሪያውን አሮጌ ጣውላ ነቀለና ገለበጠው። ከዚያ ቀልዱን ሳይጨርስ በጣቱ ዳበሰው።

አፈር የሚያየው የጣውላው ጀርባ፣ ብዙ ዘመን እንደተረገጠ ደፍ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ጠርዝ ጠርዙን የከዘራ ጫፍ የሚያካክሉ ክብ ጉድጓዶች ተሰልፈዋል።

"ጌታዬ... ይሄ የተረገጠው ከስር ነው።"

ከስር ያለው አፈር ብቻ ነው። ድመት እንኳ ጎንበስ ሳትል አታልፍበትም።

መደንገጥ ነበረብኝ። ልጄን አሰብኩና "ቀርከሃውን ያንጥፉልኝ" አልኩት።

አነጠፈው። ከዚያ በኋላ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ሲሄድ መዶሻውን ረሳ፤ እስከ ዛሬ አልመጣም፣ ሰውም አልላከበትም።

ባለቤቴና ልጄ ተመለሱ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስታችንም ኮሪደሩ ላይ ቆምን፤ ባለቤቴ ጫማዋን አላወለቀችም፣ እኔና ልጄ በባዶ እግራችን ነን።

ዘጠኝ ሆነ... አለፈ።

ምንም ድምፅ የለም።

"ጠፋ?" አለችኝ ባለቤቴ፣ ክንዴን ይዛ።

ያኔ ከግራ እግሬ ስር ወለሉ ሞቀ። መዳፍ የሚያህል ሙቀት፣ እግር በእግር ላይ እንደሚገጥም ከታች ገጠመኝ። ቀጥሎ በቀኜ... ቀስ ብሎ፣ ክብደቱን እንደሚፈራ ሰው። ከዚያ ከጎኔ የከዘራ ጫፍ የምታህል ነገር ወለሉን ከስር ነካች።

አባቴ ከሞተ ወዲህ አካሌ ላይ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

"ጠፋ" አልኳት።

ባለቤቴ ተነፈሰች። ሻንጣውን ልትፈታ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

እግሬ ስር ያለው ሙቀት ወዲያው ለቀቀኝ። ወለሉ በረደ።

ልጄ ኮሪደሩ መሃል ላይ ቆማ እግሮቿን ቁልቁል ታያለች። የሆነ ነገር እንደኮረኮራት ሳቅ አለች። ከዚያ በቀኝ እግሯ እያነከሰች መራመድ ጀመረች።

ረጅም... አጭር...

ያለ ምንም ድምፅ።